ያልተነቃነቀው ዜሮ

እና ዜሮ ነበር፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዜሮ፣ አልተነቃነቀም፣ እኔም አልተነቃነቀም ብዬ ጻፍኩ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፣ ግን የመለኪያው ሽቦ፣ ሽቦው ራሱ እኮ ክሎራይድ ይሰማዋል፣ የብር ሽቦ ነው፣ በብር ክሎራይድ የተለበጠ፣ እኔ ደግሞ ራቁቱን ሳህኑ ውስጥ ነክሬዋለሁ፣ ቀስ በል፣ ስትቸኩል ነው የምትሳሳተው፣ ሳትቸኩልም ትሳሳታለህ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በቅደም ተከተል አስበው።

አንደኛ፣ ሴሎቹ ያሉበትን ሳህን ክሎራይድ ወደ አንድ አሥረኛ ሳወርደው፣ የማየው በር፣ የሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ማሳለፊያ፣ እውነተኛ የክሎራይድ በር ከሆነ፣ በልኬቶቹ መካከል የማሰምረው መስመር ዜሮን የሚያቋርጥበት ቦታ ሃምሳ ስምንት ሚሊቮልት ያህል ወደ ግራ መሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ ሽቦው ራቁቱን እዚያው ሳህን ውስጥ ካለ የክሎራይዱ ማነስ እሱንም ያንሸራትተዋል፣ በስንት፣ በዚያው በሃምሳ ስምንት፣ ወዴት፣ ወዴት፣ ሦስት ጊዜ በወረቀት ሠራሁት፣ አንዴ ቆሜ፣ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ፣ ወደ ቀኝ። ሃምሳ ስምንት ወደ ግራ። ሃምሳ ስምንት ወደ ቀኝ። ድምር።

ዜሮ።

ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን እኩል ሲሄዱ ነው እኮ፣ በመስኮት ታያለህ፣ የጎንህ አውቶቡስ የቆመ ይመስልሃል፣ ቆሟል ብለህ ትምላለህ፣ እየበረረ፣ አንተም እየበረርክ። የክሎራይድ በር ባይሆን ኖሮ ነበር መስመሩ መሄድ የነበረበት፣ ብቻውን፣ በሽቦው ጥፋት፣ ወደ ቀኝ፣ ቆሞ መገኘቱ፣ ወይ ጉድ፣ ቆሞ መገኘቱ ነው ምስክሩ፣ የጣልኩት ነገር ራሱ ማስረጃው ነበር፣ ወይም ይመስለኛል፣ ወይም ደስ ስላለኝ ይመስለኛል፣ ደስ ሲለኝ የምሠራው ሒሳብ አይታመንም፣ በደስታ የሠራኸውን በድካም አርመው፣ ግን ዛሬ አልደከመኝም፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠርሙሶቹ ሁሉ ያንጸባርቃሉ።

ጄሊው ፈላ። ማማሰያውን የት አደረግኩት፣ እጄ ላይ ነው።

ምን እያበሰልክ ነው በጠዋቱ፣ ትላለች ጄነራሏ ከበሩ ላይ፣ የላቦራቶሪያችን ባለሙያ ናት፣ ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበረች፣ ብልቃጥ ሁሉ በእሷ ትእዛዝ ነው የሚሰለፈው፣ ስሙ የወጣላትም ለዚያ ነው። ድልድይ፣ እላታለሁ። ድልድይ ይፈላል እንዴ? የጨው ድልድይ፣ ይቺን ቀጭን ቱቦ በጨውና በጄሊ ሞልቼ፣ የድሮው ደርቆ ነበር። እሱማ ከደረቀ ቆየ፣ ትላለች፣ ጋዋኗን እየቆለፈች፣ እንዲያውም እኔ ነኝ የጣልኩት፣ አልሠራህም ነበር እንዴ ሌላ፣ አንተ? አንተ ረሳህ? ሰማይ ይታይ ዛሬ፣ አቶ ምናልባት አንድ ነገር ረሳ!

አቶ ምናልባት የሚሉኝ ምናልባት ሳልል ዓረፍተ ነገር ስለማልጀምር ነው። ይሁን። አልከፋኝም፣ ዛሬ ሰድበውኝ ቢውሉም አይከፋኝም።

ረስቼ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው የሚያመው፣ ጽፌዋለሁ፣ መዝገቤ ላይ በራሴ ጽሕፈት፣ ድልድዩ ደርቋል፣ ለዛሬ ብቻ ሽቦው በቀጥታ፣ ነገ አዲስ ድልድይ። ቀኑ የዛሬ ስድስት ሳምንት። ነገ አዲስ ድልድይ። በማግስቱ ገጽ ላይ ስለ ክፍሉ ሙቀት አራት መስመር ጽፌያለሁ፣ ስለ አየሩ እርጥበት ሁለት፣ ስለ ድልድዩ ምንም፣ የክፍሉን እርጥበት የሚመዘግብ ሰው፣ ቱቦው ለምን እንደሚያስፈልግ ለአዲስ ተማሪዎች የሚያስተምረው ራሱ፣ ሽቦው ሁልጊዜ በራሱ ብልቃጥ፣ በማይለዋወጥ ጨው ውስጥ ይቀመጥ፣ ድልድዩ ብቻ ሳህኑን ይንካ፣ ያኔ የሳህኑ ውሃ ቢቀየር ሽቦው አይሰማም አያይም፣ ገባችሁ? ገባን ይላሉ። አስተማሪው ነው ያልገባው።

ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው በር የለካሁት ድልድዩ ሳይደርቅ ነው፣ ያኔ መስመሩ ሄደ፣ ሃምሳ አምስት ሄደ፣ ቆንጆ። የሰባት ቁጥርን የለካሁት ከደረቀ በኋላ። ስለዚህ ጤነኛው ሲሄድ ሰባት ቁጥር ቆመ፣ እኔም ፈረድኩበት።

ሰባት ቁጥር እህቴ ናት።

ማለት እህቴ አይደለችም፣ የእሷ በር ነው፣ ዘጠኝ ቤተሰቦች ናቸው ናሙና የሰጡን፣ በየቤተሰቡ ያለው የዘር ለውጥ ተገልብጦ ሳህን ላይ በሚያድጉ ሴሎች ውስጥ ገብቷል፣ ስም የለም ቁጥር ብቻ፣ ዶክተሩ፣ አለቃዬ፣ ሰባት የማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ እህቴም ለናሙናው ፈርማለች፣ ፈርማ ስታበቃ እስክሪብቶው ከጣቷ አልላቀቅ ብሎ ጸሐፊዋ እጇን ዘርግታ ጠበቀች፣ ይውሰዱት ካሻዎት ከነጣቴ፣ አለች እህቴ፣ ሁለቱም ሳቁ። እንደዚያ ናት። ጨብጣ መልቀቅ ነው የሚቸግራት፣ መጨበጥማ እንደማንም ሰው ትጨብጣለች። ደረጃ ስትወጣ የመጀመሪያዎቹ አራት እርከኖች እንጨት ናት፣ ከዚያ ይሞቃትና ቀድማኝ ትወጣለች። ልጅ ሆነን ሩጫ ስንወዳደር ሂዱ ሲባል ቆማ ትቀራለች፣ ሁሉም ይስቃል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደርሳ ታልፋቸዋለች፣ የሚስቀው ሰው ይቀየራል። ባሏን ያገኘችውስ፣ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነው፣ ማሽኗን ሠርቶ ደህና ዋይ ሲላት ጨበጠችው፣ መልቀቅ አቃታት፣ እሱ ምን ይወቅ፣ ጆሮው ቀላ፣ በማግስቱ ማንም ሳይጠራው ማሽኑን ሊያየው መጣ፣ ደህናውን ማሽን ፈትቶ ገጠመው። ዛሬም ሲጠየቅ እሷ ነች የያዘችኝ ነው የሚለው።

ልብስ ሰፊ ናት፣ መቀስ ነው ኑሮዋ። መቀሱ ይዘጋል፣ እጇ አይከፈትም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ከመንካቷ በፊት አሮጌ ጋዜጣ ትቆርጣለች፣ አሥር ደቂቃ፣ ሩብ ሰዓት፣ እጇ እስኪፍታታ፣ ሱቋ ውስጥ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ ሥር የጋዜጣ ክምር አለ፣ ቀጫጭን፣ እኩል እኩል የተቆረጠ፣ ጋዜጣውንም ቢሆን አጣማ አትቆርጥም።

በሩ። ሰው በር ሲሉት ማጠፊያና እጀታ ይታየዋል፣ ይህ ፕሮቲን ነው፣ በሴሉ ቅባታም ሽፋን ውስጥ የተሰካ፣ ለእህቴ ያስረዳኋት እንዲህ ነበር፣ ሁለት ክፍል ያለው ቤት አስቢ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ በር አለው፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው ሊዘጋ ይችላል፣ አይጠያየቁም፣ ከውጭ ደግሞ የግቢ በር አለ፣ የግቢው በር ከተዘጋ ክፍሎቹ ቢከፈቱ ባይከፈቱ የሚገባ የለም። የሚገባው ማነው አለች፣ ክሎራይድ፣ ከጨው ግማሹ። ማነው የሚከፍትለት? እዚህ ላይ ነው የሚያምረው እታለም፣ ራሱ ነው፣ መንገዱ ላይ እንደ ክንድ የተጋደመች ነገር አለች፣ ክሎራይዱ ይመጣና ቦታዋን ይይዛል፣ ክንዷ ትነሳለች፣ ያልፋል፣ እንግዳው ራሱ ነው መዝጊያውን ገፍቶ የሚገባው። እና ምን ያደርግልኛል ገብቶ? ጸጥ ያሰኝልሻል፣ ጡንቻሽ ጨብጥ ተብሎ ይታዘዛል፣ ይጨብጣል፣ ትእዛዙ ሲያበቃ በቃ የሚለው ክሎራይድ ነው፣ እሱ ካልገባ ጡንቻው ጨብጥ ጨብጥ ጨብጥ እያለ ለራሱ ይደጋግማል። እንደ አንተ ማለት ነው፣ አለችኝ፣ አንዴ የተናገርከውን ሦስቴ እንደምታጣራው። እንደዚያ ማለት ነው።

ቅዳሜ ነው የነገርኳት። እታለም ውጤቱ ወጣ። ጋዜጣ እየቆረጠች ነበር፣ አቆመች። እና የኔው ይከፈታል አይከፈትም? አይከፈትም፣ አንዳንዴ የሚታይ ነገር አለ ግን ክሎራይድ አይደለም፣ ሌላ የሚያፈስ ቀዳዳ ነው። ይሄ ምናልባት ነው ወይስ እርግጥ? እርግጥ። እርግጥ አልኳት፣ እኔ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ምናልባት ሳልል። እሺ በቃ፣ አለች፣ ሠላሳ አራት ዓመት የተዘጋ በር ላንተ ብሎ አይከፈት፣ ሳቀች፣ ክር ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ክር ለማምጣት ብዙ ቆየች፣ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ዶክተሩ ዝርዝሩን ይዘጋሉ። ከዘጠኙ ጭራሹን የማይከፈቱት ይሰረዛሉ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ለመድኃኒት ተብሎ የተሠራው ውህድ፣ ገና ሳህን ላይ ነው፣ ሰው ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት አለው ካለው፣ የሚያደርገው የግቢው በር አንዴ ከተከፈተ ቶሎ እንዳይዘጋ መያዝ ነው፣ ተከፍቶ የማያውቅን በር ምን ይይዘዋል። የተሰረዘው በር ሴሎቹም ከማሳደጊያው ይወጣሉ፣ ቦታው ለሌላ ይፈለጋል። ለማንም አላዳላም፣ ብለውኛል፣ ላንተም ለእህትህም፣ ቁጥሩን ብቻ አምጣልኝ። ትክክል ናቸው። ቁጥሩን ለመገልበጥ ነበር መዝገቡን ዛሬ ጠዋት የገለጥኩት፣ ባልገልጠው፣ ገጹን ብዘለው፣ አታስበው አሁን፣ ሰዓቱን እይ፣ ሦስት ከአርባ።

ድልድዩ ቀዘቀዘ፣ ረጋ፣ አረፋ የለበትም፣ በመብራት አየሁት፣ ገልብጬ አየሁት፣ የለበትም።

ጄነራሏ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አስቸግር። ዓይኔን ማመን ስለማልችል፣ ዓይንህን ምን ሆንክ፣ አይ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ደስ ያለው ሰው የፈለገውን ያያል። ስለዚህ ሁለቱን ውሃዎች አንቺ ያዢልኝ፣ ሙሉ ክሎራይድ ያለውንና የተቀነሰውን፣ ጠርሙሶቹን በፎይል ሸፍኛቸው፣ እኔ ቀይሪ ስልሽ ትቀይሪያለሽ፣ ወይም የቀየርሽ መስለሽ ያንኑ መልሰሽ ታፈሺያለሽ፣ እንዳሻሽ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ እጅሽ ላይ ጻፊ፣ እኔ መስመሩ የት እንዳቋረጠ እጽፋለሁ፣ አራት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ እናስተያያለን። ትስቃለች። እንዳሻኝ እንድሸውድህ ፈቃድ እየሰጠኸኝ ነው? በጽሑፍ ከፈለግሽ። አንተን መሸወድማ፣ ትላለች፣ ፎይሉን እየቀደደች፣ ጸድቄ ነው የምሞተው።

ማቀዝቀዣው። ነቅዬዋለሁ፣ ያጉረመርማል፣ ጉርምርምታው በስክሪኑ መስመር ላይ ይመጣል። ምሳዬ እዚያ ውስጥ ነው፣ ለአንድ ሰዓት አይሞትም፣ ቢሞት አንተ ነህ የምትበላው። ስልኮቹ ጠፍተው ኮሪደር ላይ። የጣራው መብራት ጠፍቶ። የኤሌክትሪክ ጫጫታ የሚከልለው የሽቦ ጎጆ ተዘግቶ፣ ማይክሮስኮፑ እንደ ዶሮ እዚያ ውስጥ ታስሮ፣ ሁሉም አለ፣ ድልድዩ፣ አለ፣ ሽቦው በራሱ ብልቃጥ፣ አለ፣ ሄጄ በጣቴ ነካሁት፣ አለ።

የመጀመሪያዋ የመለኪያ ቱቦ፣ ሴል ላይ የምትለጠፈው ቀጭን መስታወት፣ ጫፏ ተሰበረ። ሁለተኛዋ ከሰባት ቁጥር ሴሎች አንዷን ነካች፣ ከጀርባዋ ያለውን ጎማ በከንፈሬ ይዤ በቀስታ ሳብኩ፣ ተላቀቀች። ሦስተኛዋም። አራተኛዋ ያዘች፣ ቀስ ብዬ ሳብኳት፣ ቁራጭ ሽፋን ይዛ ወጣች፣ ግን ባዶ፣ ሰባት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ጸጥ ያለ ሜዳ። አራት ከአምስት። እጄ ላበ፣ ጠረግኩት፣ ልቤ ድው ድው ሲል ሞገዱ መስመሩ ላይ የሚመጣ ይመስለኛል፣ አይመጣም፣ ሳይንስ ነው አይመጣም። አምስተኛዋ። ሳብ፣ ቀስ፣ እንደ ትኩስ ሻይ፣ ያዘች፣ መስመሩ ቀጥ አለ፣ ጸጥ አለ፣ የተወለወለ ወለል ይመስላል፣ አሁን አንሳት፣ ቁራጯ ቱቦው ጫፍ ላይ ተወጥራ ወጣች፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰች ቁራጭ፣ በላይዋ ላይ ምናልባት አንድ በር፣ ምናልባት።

ምንም።

ምንም።

ጄነራሏ ትንፋሿን ይዛለች፣ ተንፍሺ አልኳት፣ ፈራሁ አለች።

ወረደ። እይ፣ ወረደ፣ አንድ እርከን፣ ሌላ እርከን፣ ሁለቱም ክፍሎች ክፍት፣ አንዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ሁለቱም ተዘጉ፣ አንዱ፣ ሁለቱ፣ አንዱ፣ እርከኖቹ እኩል ናቸው፣ ሁልጊዜም እኩል ነበሩ እኮ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ እነዚህን እኩል እኩል እርከኖች እያየሁ የሚያፈስ ቀዳዳ ነው ያልኩ ሰውዬ፣ የሚያፈስ ቀዳዳ መቼ እንዲህ በሥርዓት ሲፈስ ታይቶ ያውቃል፣ ዓይኔ አውቆት ነበር፣ እኔ ነኝ ዓይኔን ያላመንኩት። ተዘጋ። የግቢው በር። እንደገና ሜዳ። ይህ ነው ሕመሟ፣ የግቢው በር ብዙ ይቆያል ተዘግቶ፣ ግን ይከፈታል፣ የሆነ ነገር ይከፈታል፣ ክሎራይድ መሆኑ ነው ጥያቄው፣ አትሩጥ፣ ገና ምንም አልተጠየቀም።

የመጀመሪያው ውሃ። በአራት የተለያዩ ቮልቴጆች የእርከኖቹን ቁመት ለካሁ፣ ነጥብ ነጥብ፣ ማስመሪያ፣ የሚያቋርጠው ዜሮ ላይ ነው፣ አንድ ሚሊቮልት ወዲህ። ጻፍኩ። ቀይሪ። ወደ ሳህኑ በሚወስደው ጎማ ውስጥ ውሃው ሲሄድ ይታያል፣ ሁለቱም እኩል ውሃ መሳይ ነው፣ ፊቷን አላይም፣ ፊቷን አላይም ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ሁለተኛው ውሃ። ጠበቅኩ። ተከፈተ፣ ለካሁ፣ ተዘጋ፣ ጠበቅኩ፣ ተከፈተ፣ አራቱም ነጥብ ሞላ። ማስመሪያ።

ዜሮ።

እንደገና አስምር። ዜሮ። ሁለት ሚሊቮልት ወዲያ፣ ያም ዜሮ ነው።

አሁን ድልድይ አለ፣ አሁን ሽቦው ንጹሕ ነው፣ አሁን ዜሮ ዜሮ ነው፣ ምሕረት የለውም፣ ስለዚህ ክሎራይድ አይደለም፣ ስለዚህ ቅዳሜ የነገርኳት ልክ ነበር፣ እርግጥ፣ እርግጥ፣ ጥሩ፣ ቢያንስ አልዋሸኋትም፣ ምን ጥሩ አለው፣ ያ ሁሉ የጠዋት ደስታ፣ ሒሳቡ ያምር ነበር እኮ፣ የሚያምር ሒሳብ ሠርቼ ጄሊ አፍልቼ ምሳዬን አሙቄ፣ ጄነራሏ ምን ሆንክ ትላለች፣ ምንም፣ ፊትህ ነጭ ወረቀት መሰለ፣ ምንም አልሆንኩም ቀይሪ፣ ልቀይር? ቀይሪ፣ እርግጠኛ ነህ? ቀይሪ በናትሽ። ሥራውን ጨርስ፣ አራት ጊዜ ብለሃል አራት ጊዜ ትለካለህ፣ ማልቀስ ካለብህ ከአራተኛው በኋላ።

ሦስተኛው ውሃ። ጠበቅኩ። የግቢው በር አልከፈት አለ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት፣ እህቴ ይህን ጊዜ ጋዜጣዋን ጨርሳ ጨርቅ ጀምራለች፣ ሦስት ደቂቃ፣ ተከፈተ፣ እርከኖቹ፣ እርከኖቹ አጥረዋል፣ ለምን አጠሩ፣ በዚህ ቮልቴጅ ቅድም ረጅም ነበሩ፣ ለካ፣ አትገምት ለካ፣ አንዱ ነጥብ፣ ሁለተኛው፣ በዚህኛው ላይ እንዲያውም ተገልብጧል፣ ወደ ታች የነበረው ወደ ላይ ሆኗል፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ማስመሪያው የት ሄደ፣ ተቀምጬበታለሁ።

ሃምሳ አራት ወደ ግራ።

ዝም በል። ጻፈው። አምስቱ ስድስት መሰለ፣ ሰርዤ ደግሜ ጻፍኩት። ሃምሳ አራት። አራተኛው ውሃ፣ ቀይሪ፣ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ፣ ጠበቅኩ፣ ለካሁ፣ ዜሮ፣ ደግ ዜሮ፣ የተባረከ ዜሮ።

መዳፍሽን አሳዪኝ።

አንተ ቅደም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሃምሳ አራት፣ ዜሮ። መዳፏን ዘረጋች፣ በጥቁር ማርከር፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ትንሽ፣ ሙሉ። ሁለተኛውን ያንኑ መልሼ ነው ያፈሰስኩት፣ ትላለች፣ መሸወድ ትችያለሽ ብለኸኛል፣ ግን ፊትህን ሳይ ልናገር ነበር፣ ምላሴን ነክሼ ነው የቆየሁት፣ ምን ነበር የሆንከው? ሞቼ ነበር፣ አልኳት፣ ሞቼ ተነሳሁ፣ አንቺ ሴት ገድለሽኝ ነበር፣ አቀፍኳት፣ እኔ ሰው የማላቅፈው፣ ልቀቀኝ ጠርሙሱ ይፈሳል ትላለች እየሳቀች፣ ይፍሰስ አልኩ፣ ከዚያ አይፍሰስ አልኩ፣ የተቀነሰው ውሃ ትንሽ ነው የቀረን።

ጄነራሏ ተሳስታ ይሆን። ማርከሩ፣ ማርከሩ ልክ ነው። ድልድዩ ገብቷል፣ አዎ። ሃምሳ አራት እንጂ ሃምሳ ስምንት አይደለም፣ አዎ ግን ጤነኛውም ሃምሳ አምስት ነበር፣ ሌላ ነገርም ትንሽ ትንሽ ሾልኮ ያልፋል፣ የታወቀ ነው። አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፣ አንድ ቁራጭ አይበቃም፣ አይበቃም፣ ነገ አምስት ሌሎች፣ ጻፍ፣ ነገ፣ ነገ አትጻፍ፣ ቀንና ሰዓት ጻፍ።

ዶክተሩ አምስት ሊሆን አሥር ጉዳይ ሲል ገቡ፣ ዝርዝሩ በእጃቸው። ጨለማ ለምንድነው የተቀመጣችሁት? ነገርኳቸው፣ ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳልደብቅ፣ ደረቀ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ነገ፣ ስድስት ሳምንት፣ ራቁት ሽቦ፣ እስኪጮሁብኝ ጠበቅኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ስድስት ሳምንት? አዎ። እኔ ሁለት ዓመት፣ አሉ። ይቅርታ? ተማሪ ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሚያምር በር ለካሁ፣ ጽሑፉን ጨርሼ ልልክ ስል የለካሁት የራሴን ሽቦ ሆኖ ተገኘ፣ ለሚስቴ እንኳን አልነገርኳትም። አይሉኝም ዶክተር! ብላ ጄነራሏ ጮኸች። አንቺ ሰምተሻል አንተ ሰምተሃል፣ ከዚህ ክፍል ከወጣ አውቃለሁ። ከዚያ መዳፏን አዩ፣ ወረቀቴን አዩ፣ መዳፏን አዩ፣ ወንበሬን ሳቡና ተቀመጡ፣ በእኔ ወንበር ማንም አይቀመጥም፣ መስመሩን አዩ፣ ዝግ፣ ዝግ፣ ተከፈተ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ እሰይ አሉ በለሆሳስ፣ ለበሩ ነው ያሉት ለእኔ አይደለም። ሰባት ቁጥርን አልሰርዘውም፣ አምስት ቁራጭ ጨምረህ እስከ ሐሙስ አሳየኝ፣ ውህዱን ያኔ እንሞክርበታለን፣ ይሠራል አላልኩም። አላሉም ዶክተር። ለእህትህም ይሠራል እንዳትል። አልልም። ይከፈታል ማለት ትችላለህ፣ አሉ፣ እሱን ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስልኬ ኮሪደር ላይ ነው። አብርቼ አመጣሁት። በሩ ላይ ቆምኩ። ስልክ እዚህ ክፍል ውስጥ ይበጠብጣል፣ ሕግ ነው፣ ሕጉን በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በሦስት ቀለም፣ የልኬቱ ቁጥር ግን ተመዝግቧል፣ ቁራጯም አሁንም በሕይወት አለች፣ መቼ ትሞታለች አይታወቅም፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ላትኖር ትችላለች፣ ይበጥብጥ፣ ገባሁ።

እታለም። ምነው በሥራ ሰዓት፣ ደህና ነህ? ከኋላዋ ማሽኑ ይሰማል። ደህና ነኝ፣ ቅዳሜ የነገርኩሽ ስሕተት ነው። የቱ? ሁሉም፣ በሩ ይከፈታል፣ ክሎራይድ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሽቦ፣ ሌላ ጊዜ አስረዳሻለሁ፣ ብዙ ጊዜ ይዘጋል ግን ይከፈታል፣ መድኃኒት አለ ማለቴ አይደለም፣ ተረዳሺኝ፣ መድኃኒት አላልኩም። ማሽኑ ቆመ። እየተከፈተ ነው? አሁን? አሁን፣ ፊቴ ነው ያለው። አንተ ታየዋለህ? አያለሁ። እኔስ?

እኔስ። ይህን አላሰብኩም። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን አላሰብኩም። ጄነራሏ ክንዴን ጎሸም አድርጋ በአገጯ ወደ መደርደሪያው ታመለክታለች፣ ድምፅ ማጉያው፣ ማንም የማይጠቀምበት፣ መስመሩን ወደ ድምፅ የሚቀይረው፣ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ስልኩን አስጠጋሁ፣ ስልኩ ራሱ ዝዝዝ ይላል፣ ከዝዝዙ ሥር ግን አንድ ወፍራም ወጥ ድምፅ አለ፣ ይሰማሻል? እንደ ንብ ያለ ነገር ይሰማኛል። እሱ ስልኩ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ስሚ፣ ወፍራሙን። እህ፣ አዎ። እሱ ሲወፍር ዝግ ነው፣ ሲቀጥን ክፍት፣ ትንሽ ሲቀጥን አንዱ ክፍል ብቻ፣ በጣም ሲቀጥን ሁለቱም። እሺ። ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ ምናልባት ደቂቃ፣ ምናልባት። ዝም በላ፣ ልስማበት።

ስልኩን ይበልጥ አስጠጋሁ። ዶክተሩ ዝርዝሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጄነራሏ በሁለት እጇ አፏን ይዛ። ወፍራሙ ድምፅ ብቻ። እስትንፋሷ ይሰማኛል፣ ከሱቋ ደጅ መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል፣ ሴት ገብታ ቀሚሴ ደረሰ ትላለች፣ ቆዪ እቴ፣ ትላታለች፣ ቆዪ፣ ራሴን እየሰማሁ ነው፣ ወፍራም፣ ወፍራም፣ አልነግራትም፣ ዓይኔ መስመሩ ላይ ነው ግን አልነግራትም፣ ራሷ ትስማው፣

ቀጠነ! አለች፣ ጮኸች፣ አንተ፣ ቀጠነ፣ እንደገና፣ ይሄው፣ ሁለቱም ነው አይደል አሁን፣ አንዱ፣ ሁለቱም፣ አንዱ፣ ኧረ እንዴት ነው የሚፈጥነው፣ የኔ ነው ይሄ ሁሉ? ያንቺ ነው፣ ትስቃለች፣ ሳቋ በማጉያው ተመልሶ ይገባል፣ ተዘጋ አለች፣ ተዘጋ፣ ምንም አይደል እንጠብቀዋለን፣ ይኸው፣ ስማ፣ ስማ ተከፈተ፣